በበሬ ሕግ የተፈተነው ታብሌት

ያኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ «አርባ አንድ ነው» ትላለች፤ አባቴ ደግሞ በቁጥር አያምኑም፤ «ቦራን የገዛሁ ዓመት ተወለድሽ» ነው የሚሉት። ቦራ በሬ ነበር። በእኛ ቤት የልደት ወረቀት የለም፤ በሬ ግን ሞልቷል። ታላቅ ወንድሜ ምንይችል ዳማ የሚባለው በሬ ዘመን ልጅ ነው፤ እኔ የቦራ ነኝ። አንድ ጊዜ መታወቂያ ላወጣ ሄጄ ጸሐፊው የተወለድኩበትን ዘመን ቢጠይቀኝ «በቦራ ጊዜ» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

አባባን ሳላስተዋውቃችሁ ወደ ታብሌቱ ብገባ «ይቺ ሴት ምን ነካት?» ስለምትሉኝ ከእሳቸው ልጀምር። አባባ በብቸና ዙሪያ በሬ በማወቅ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። በሬ መግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ገበያ አይወርድም፤ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። አባባ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ አብረውት ይወርዳሉ፣ በሬውን ሦስት ጊዜ ይዞሩታል፣ ሻኛውን ይዳብሳሉ፣ ጥርሱን ያያሉ። እሳቸው በመረጡት በሬ የተጸጸተ ገዢ የለም። እሺ፣ አንድ አለ። እሱም ራሳቸው ናቸው፤ ያንን ግን ቤታችን ውስጥ አናነሳውም።

እኚህ ሰው ዓይናቸው ደከመ። በሬውንስ በእጅ ዳብሶም ማወቅ ይቻላል። የጨነቃቸው የጸሎት መጽሐፋቸው ነው። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ንባብ ለይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአባታቸው የወረሱትን የብራና መጽሐፍ ሳያነቡ እህል ቀምሰው አያውቁም። አሁን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፉን ይከፍቱታል፣ ገጹን በመዳፋቸው ያሻሹታል፣ መልሰው ይዘጉታል። «እኔ ላንብብልዎት አባባ» ስላቸው፣

«አንቺማ ታነቢያለሽ፤ እኔ እሰማለሁ። ሰው ሲበላ ማየትና መብላት አንድ ነው?» ይሉኛል።

ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን በባትሪ አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ከዚህ በላይ አይሻላቸውም። ፊደሉ ቡጢ ቡጢ ቢያክል ግን ያነቡ ነበር» አለኝ። ቡጢ የሚያክል ፊደል የት ይገኛል? ከሱቅ በር በላይ ካልሆነ የለም። አባባን ደግሞ ጠዋት ጠዋት «ቅቤ፣ ማር፣ ሲሚንቶ እንሸጣለን» የሚል ሰሌዳ ስር አቁሜ ጸልዩ አልላቸው።

መላውን ያመጣው ወንድሜ ነው፤ ውለታውን አልክድም። ምንይችል ሞጣ የሚያስተምር መምህር ነው። ለበዓል ሲመጣ ታብሌቱን ይዞ መጣ። ያ ስመ ጥሩው ዓይነት ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ያልያዘው ሰው እንኳ እንደያዘ አድርጎ የሚያወራለት። አንድ ጽሑፍ ከፍቶ በሁለት ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ፊደሉ እንደ እንጎቻ ሰፋ። አባባ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው «ሀ» አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የለዩት የመጀመሪያ ፊደል ነው። እናቴ እልል ልትል ነበር።

«እንግዲያው ሞጣ ይምጡና እኔ ቤት ይቀመጡ፤ በእኔው ያነባሉ» አለ ወንድሜ።

«ለማንበብ ብዬ አገሬን ልልቀቅ? ደግሞስ አንተ ማስተማሪያህን ይዘህ ስትወጣ እኔ ምኑን አነባለሁ?» አሉ አባባ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። እኔ ግን ያቺ «ሀ» እንቅልፍ ነሳችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ራሴ ብናገር ትዕቢት አይሁንብኝ፤ ቢሆንም ግድ የለም። ልጆች ሳለን ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ቤት መግባት፣ አንዳችን ጥጃ መጠበቅ ነበረብን። ማን ጥጃውን እንደጠበቀ አልነግራችሁም፤ ጥጃዋ ግን ፊደል ስቆጥር ሰምታኛለች። ወንድሜ ደብተሩን ጥሎ ሊጫወት ሲወጣ እኔ አነሳው ነበር። ደብተሩ ሲያልቅብኝ የሲሚንቶ ከረጢት አነብባለሁ። እስከ ዛሬ «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» የሚለውን እንደ ጸሎት በቃሌ እወጣዋለሁ። አሁን ብቸና ላይ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሰፈሩ የመጣለትን ወረቀት ሁሉ ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ክፍል ገብቼ የተቀመጥኩበት ቀን የለም። ይህን ስል ሁልጊዜ አንገቴ ትንሽ ቀና ይላል።

አንድ ጠዋት መኪናዬን ከደንኩና (የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው፤ ሌላ መኪና የለኝም) በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄድኩ። ለወንድሜ አልነገርኩትም። የገባሁት ሐጂ ይማም ሱቅ ነው። ሐጂ ከአያት ከቅድመ አያት ሞጣ ላይ የነገዱ ሰው ናቸው፤ አያታቸው ጨው፣ አባታቸው አቡጀዲ፣ እሳቸው ስልክና ታብሌት።

«ሐጂ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌ የሚሆን ታብሌት አለዎት?»

«አለ እህቴ። ይኼ ስመ ጥሩው ነው። ይኼኛው ደግሞ አዲስ የመጣ ነው፤ ገና ስም አላወጣም።»

የስመ ጥሩውን ዋጋ ሲጠሩልኝ እጄን ከመደርደሪያው ላይ አነሳሁ፤ በመንካትም የሚያስከፍሉ መሰለኝ። አዲሱን አነሳሁት። ወፈር ያለ ነው፤ ደንደን ያለ።

«አመሉስ?» አልኳቸው።

«አመል?»

«አመል የሌለው በሬ አለ እንዴ ሐጂ? ይደነብራል? ትልም ላይ ይተኛል? ባለቤቱን ይለያል?»

ሐጂ በወጣትነታቸው ከብትም ነግደዋል። ወዲያው ገባቸውና ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አይደነብርም። ሲርበው ግን ይተኛል፤ ቶሎ ቶሎ ቻርጅ አድርጊው። ለልጅ ከሰጠሽው ጌም ላይ ይሰማራል፤ ከዚያ የሚመልሰው የለም።»

«ዋሱ ማነው?»

«ዋሱ እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሞክሪው። አባትሽ ካልተስማማቸው መልሺው። ቧጭረሽ እንዳታመጪው ብቻ። በይ፣ እግረ ርጥብ ያድርግልሽ።»

እንደ ሙሽራ በነጠላዬ ሸፍኜ አመጣሁት። ቤት ገብቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና እግሬን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ስህተቴ ያ ነው። እናቴ አዲስ ከብት ግቢ ሲገባ ግንባሩን ቅቤ ሳትቀባ አታሳልፍም። እንስራ ሲገዛ ትቀባለች፣ ቀንበር ሲጠረብ ትቀባለች፣ እኔ የስፌት መኪና ስገዛም ቀብታ አንድ ሙሉ ቀሚስ አበላሽታብኛለች። ስመለስ፣ «እሰይ፣ እግረ ርጥብ ያድርገው! እሰይ!» እያለች ታብሌቱን ከግንባሩ እስከ ጭራው ወዝ በወዝ አድርጋዋለች። ግንባሩ የት እንደሆነ ስላላወቀች በሁለቱም በኩል ቀብታዋለች።

«እማዬ! ምን አደረግሽው?»

«ምን አደረግኩት? አበራልሽ እንጂ! ተመልከቺ እንዴት እንደሚያበራ!»

አብርቶ ነበር። ካሜራው ጉም ለበሰ። መስታወቱ ደግሞ ማን እንደነካው እየጠፋበት በራሱ ይከፍታል፣ በራሱ ይዘጋል። እኔ ለመጥረግ ባሻሸሁት ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ይወጣል። በመጨረሻ ቋንቋውን ቀየረና የጉንዳን ሰልፍ በመሰለ ጽሑፍ ያናግረኝ ጀመር።

ከልብስ የተረፈ ለስላሳ ጥጥ ጨርቅ አምጥቼ ቅቤውን አነሳሁለት። ቋንቋውን ግን በጨርቅ ማንሳት አይቻልም። ወንድሜ ጋ ልደውል ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ይሆናል። ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ግን የማይነበብ ነገር አያስፈራውም፤ እኔ ስጀምር «ሀ»ም ለእኔ ጉንዳን ነበር። ስለዚህ ሴቲንግ የሚባለው ውስጥ ገባሁና በሥዕሎቹ እየተመራሁ ቤት ለቤት ዞርኩ። የፀሐይ ሥዕል አለ፣ የቁልፍ ሥዕል አለ፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ ሥዕል አለ፣ የደወል ሥዕል አለ። ያልከፈትኩት በር አልቀረም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመሬት ሉል የመሰለ ነገር ነካሁና ሲወርድ ሲወርድ «አማርኛ» የሚል አየሁ። ብቻዬን ጮህኩ። እናቴ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ቅቤው ሠራ?» አለች።

አባባ ነገሩን ሲሰሙ ሕግ አወጡ። «በሬ ብቻውን አይፈተንም። አዲስ በሬ ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚጠመድ። ምንይችል የራሱን ይዞ ነገ ይምጣ፤ አንድ ማሳ ላይ እናያቸዋለን» አሉ። ሁለተኛውን ሕግ ሲጨምሩ ነው ጉዱ የመጣው። «ጠግቦ ያረሰ በሬ አይመሰገንም። እስኪፈተን ድረስ እንዳታበይው።»

«አባባ፣ ሐጂ ቶሎ ቶሎ ቻርጅ አድርጊው ብለውኛል።»

«ሐጂ ሻጭ ናቸው። ሻጭ ሁሉ አብልቶ ነው ገበያ የሚያወጣ።»

የአባት ቃል ነውና ቻርጀሩን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ለወንድሜ ደወልኩ።

«አያ፣ ለአባባ ታብሌት ገዛሁ።»

«ምን ዓይነት?»

ነገርኩት። ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «አንቺ! ያ እኮ የልጅ መጫወቻ ነው። ሳይመሽብሽ መልሺው።»

«አባባ ይፈተን ብለዋል። የራስህን ይዘህ ና።»

«ከእኔ ጋር? እሱን ከእኔ ጋር?» ሳቀ። «እሺ፣ እመጣለሁ። የሐዘንሽን ልብስ አዘጋጂ።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደረሰ። የሐጂ ቀጠሮ በማግስቱ ጠዋት ያልቃል፤ ፈተናውን ካላለፈ ወንድሜ ሲመለስ ታብሌቱን ይዞልኝ እንዲሄድ ተነጋግረናል። አባባ በረንዳው ላይ አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ፤ መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጎረቤታችን አያ ደሴም መጡ። ማንም አልጠራቸውም፤ በሬ ይፈተናል ሲባል ሰምተዋል። ግቢውን ዞረው አዩ፣ በረቱንም ጎንበስ ብለው አዩ።

«በሬው የታለ?» አሉ።

«ይኸውልዎ» አልኳቸው ታብሌቱን እያሳየሁ።

አያ ደሴ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «ሻኛውስ?» አሉ። ከዚያም ጨዋታ የሚጠሉ ሰው ስላልሆኑ ዱላቸውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

መጀመሪያ ቁመና ታየ። የወንድሜ ታብሌት ቀጭን ነው፤ ጠርዙ ያብረቀርቃል፤ ቆዳ ልብስ ለብሷል። የእኔው ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጥጥ በኋላ እንኳ ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይላል። አባባ ሁለቱን በሁለት መዳፋቸው ሚዛን አድርገው ያዙ። «የምንይችል በሬ ዳሌው ስስ ነው። ያምራል ግን» አሉ። አያ ደሴ «ቆንጆ በሬና ቆንጆ አማች ከሩቅ ነው» አሉና ተጨበጨበላቸው፤ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ቃል መስማት መጣ። ወንድሜ «የእኔው ሲያናግሩት ይመልሳል» አለ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንደምን ዋልክ?» አሉት። ታብሌቱ በሴት ድምፅ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በትሕትና አንድ ነገር መለሰ።

«ምን አለች?»

«አልገባኝም ነው የምትለው አባባ።»

«እኔም አልገባኝ። ተወው፣ ሂድ ሲሉት የማይሰማ በሬ በምን ይታረሳል?» አሉ አባባ። የእኔው ደግሞ ምንም አልተናገረም። ዝም ማለቱ እንደ ጨዋነት ተቆጠረለት።

ከዚያ ዋናው ማሳ መጣ። ሁለታችንም የመጽሐፉን አንድ ገጽ፣ ያንኑ ገጽ፣ በየታብሌታችን ፎቶ አነሳን። እውነቱን ልናገር፤ የወንድሜ ታብሌት ዓይን የጠራ ነው። የብራናውን ስፌት ሳይቀር ያሳያል። የእኔው ደህና ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጭስ የነካው ይመስላል። ወንድሜ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየኝ፤ ማሳየቱ ከስድብ የባሰ ነው።

«በሉ፣ በራስዎ እጅ ያስፉት» አለና ታብሌቱን ለአባባ ሰጣቸው። አባባ ሁለት ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አኖሩና ገፉ። ፊደሉ አልተነቃነቀም። ደግመው ገፉ። ምንም። የእኔን ሰጠኋቸው። እሱም እንደ ድንጋይ ዝም።

ወንድሜ የአባባን ጣት ይዞ ገልብጦ አየ። «ጣትዎ ነው አባባ። ቆዳው ሞቷል፤ መስታወቱ አይሰማውም።»

«ሞቷል?» አሉ አባባ። ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ስድሳ ዓመት እርፍ የጨበጠ ጣት ነው፤ እኔንም፣ ወንድሜንም፣ የወንድሜን ትምህርት ቤትም ያበላ ጣት።

«ችግር የለውም፤ እኛ እናሰፋልዎታለን» አለ ወንድሜ ፈጠን ብሎ።

«እናንተ በሌላችሁ ጊዜስ? ለጸሎቴ ፊደል አስፊ ልቅጠር?» አሉና እጃቸውን ቀስ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። «ይበቃል። መልሺለት ለሐጂ። ፈተናው የወደቀው በእኔ ነው፤ በበሬዎቹ አይደለም።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እኔ የአባባን ጋቢ አያለሁ፣ ከጋቢው ስር እጃቸው ይታየኛል፤ ወፍራም፣ ደረቅ፣ እንደ ቆዳ የጠና። እንደ ቆዳ! ቆዳ እጅ ላይ ሲጠለቅ ምን ይባላል?

ታብሌቴን ነጠቅሁ ማለት ይቻላል። ሴቲንግ ገባሁ፣ ፀሐይዋን አለፍኩ፣ ቁልፉን አለፍኩ፤ ጓንት ያጠለቀው እጅ ጋ ደረስኩ። አሁን በአማርኛ ነው፤ ከስሩ «ጓንት ለብሰው ሲነኩ» ይላል። ከፈትኩት።

«አባባ፣ አንዴ ብቻ። ለእኔ ሲሉ።»

«ተይኝ ልጄ።»

«አንዴ።»

እጃቸውን አወጡ። ሁለት ጣታቸውን አኖሩ፤ ገፉ። ፊደሉ እንደ ሊጥ ተነፋ። ደግመው ገፉ፤ ቡጢ ቡጢ አከለ። አባባ ደንግጠው ጣታቸውን አነሱ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መለሱት። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አንድ አንድ ፊደል እየጠሩ፣ ኋላም እየገጣጠሙ፣ ኋላም በዜማ። አንደኛውን መስመር ጨረሱ። ሁለተኛውን ጨረሱ። ሦስተኛው ላይ፣ ቃሉ መሐል፣ ታብሌቱ ጥቁር አለ።

«ተኛ!» አሉ አያ ደሴ ብድግ ብለው። «በሬሽ ትልም ላይ ተኛ!»

«በልቷል ወይ?» አሉ አባባ ተቆጥተው።

«አባባ፣ ሳይበላ ይፈተን ያሉት እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ ሳይጠግብ አልኩ እንጂ በጦም ይዋል አልኩ?»

ሳጥኑ ጋ ሮጥኩ። ቁልፉ የለም። ቁልፉን የት እንዳደረግኩት ለማስታወስ ግንባሬን ስመታ፣ ወንድሜ ከቦርሳው የራሱን ቻርጀር አወጣና ጎንበስ ብሎ ለእኔው ታብሌት ሰካለት። ልክ ሆነ። ከዚያ ሳያየኝ፣

«ያን የጓንቱን ነገር ከየት አገኘሽው?» አለ።

«ከቅቤ» አልኩት።

አልገባውም፤ እኔም አላብራራሁለትም። መምህሩ ወንድሜ ጠየቀኝ፣ ጥጃ ጠባቂዋ መለስኩ፤ ለዚያ ቀን ይበቃኛል። የእሱ ታብሌት ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዙ ፈለገ፤ አላገኘም።

ታብሌቱ ሲነቃ አባባ ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። አያ ደሴ «እንግዲህ ፍርዱስ?» ቢሏቸው፣ መዳፋቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸውና ወደ ግርጌው መስመር ወረዱ። እናቴ ሦስት ጊዜ ምሳ ቀረበ አለች። ምሳው ቀዘቀዘ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ ነበር፤ ሞጣ ድረስ የሚታይ ቁመት ያወጣሁ መሰለኝ።

ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም። ለትምህርት ቤቱ ደውሎ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ በረንዳው ላይ ከአባባ ጎን ተቀመጠ፤ አባባ ገጽ እየገለጡለት፣ እሱ በራሱ ታብሌት መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ አነሳ። የደበዘዘበትን ደግሞ አነሳው። ሁሉንም ወደ አባባ ታብሌት አሻገረው። ከሰዓት በኋላ ምሳውን በላ፣ የአባባን ጉልበት ሳመና ወደ ሞጣ ሄደ።